አንድ ጭምብል፣ ብዙ ፊት
ስለ እኩይ ገጸ ባሕርይና ስለ ተዋናዩ መልስ

እኩይን ሰው መድረክ ላይ አቁሞ ለሕዝብ ማሳየት የተውኔት ጥበብ ከተወለደበት ጊዜ ጀምሮ የኖረ ሥራ ነው። ደጉን ሰው መጫወት ቀላል ነው ባይባልም፣ ክፉውን የሚጫወት ተዋናይ ግን ከሙያ ችሎታው ሌላ አንድ ከባድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ይህ ሰው እንዲህ የሆነው ለምንድን ነው? ደራሲው መልሱን ጽፎለት ሊሆን ይችላል፤ ሳይጽፍለትም ቀርቶ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም መንገድ ተዋናዩ በአረማመዱ፣ በሳቁ፣ በዝምታው መመለሱ አይቀርም። ተመልካቹም አስቦበት ይሁን ሳያስብበት ያንን መልስ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። ክፋት ከተፈጥሮ የሚመጣ ነው? ወይስ ኅብረተሰብ የሚያበቅለው? ወይስ ሰው በገዛ ፈቃዱ የሚመርጠው? ፈላስፎች በመጻሕፍት የተከራከሩበትን ይህን ጥያቄ ሰፊው ሕዝብ የሚማረው ባብዛኛው ከተዋንያን ፊት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መልሶቹን በአንድ ሚዛን ለመመዘን አንድ እኩይ ገጸ ባሕርይና ብዙ ተዋንያን ያስፈልጋሉ። ለዚህ ከጆከር የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ካርታ የሚጫወት ሁሉ ጆከርን ያውቀዋል፤ በኮንከር ጨዋታ የራሱ ቁጥር የሌለው፣ በጎደለው ካርታ ቦታ እየገባ የጎደለውን የሚሆን ካርታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 በአሜሪካ በታተመው «ባትማን» የተሰኘ ሥዕላዊ የታሪክ መጽሔት የመጀመሪያ ቁጥር ላይ ብቅ ያለው ወንጀለኛም ስሙ የዚሁ ካርታ ስም ነው። ነጭ ፊት፣ አረንጓዴ ፀጉር፣ ወደ ጆሮ የተዘረጋ ቀይ አፍ፤ ከዚህ በቀር ይህ ነው የሚባል ትውልድና ታሪክ አልነበረውም። ስሙ ዕጣው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ባሉት ከሰማንያ በላይ ዓመታት ተዋናይ በተለወጠ ቁጥር፣ እያንዳንዱ ዘመን የጎደለውን ቁጥር በዚህ ካርታ ሞልቶ ተጫውቶበታል።

የባዕድ አገር የልጆች መጽሔት ፍጡር ለእኛ ምናችን ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ይህ ፍጡር ፈቃድ ሳይጠይቅ ገብቷል። ቦሌ ላይ በኤድና ሞል የተከፈተው ማቲ ሲኒማ የሆሊዉድን ፊልሞች ለአዲስ አበባ ተመልካች ካቀረቡት አዳራሾች አንዱ ነው፤ ዛሬ ደግሞ አዳራሽም አያስፈልግም። አያት ባለ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጠ ተማሪ በእጅ ስልኩ የጆከርን ፊት ያያል፣ ሳቁን ያስመስላል፣ ንግግሩን ከጓደኞቹ ጋር ይለዋወጣል። መምህሩ «የፈረንጅ ቀልድ» ብሎ ያልፈው ይሆናል። ተማሪው ግን ከዚያ ቀልድ ውስጥ ስለ ጥፋትና ስለ ጥፋተኛ አንድ ትምህርት ቀስሟል። ምን ዓይነት ትምህርት እንደሆነ መመርመር የሚገባውም ለዚህ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የፊቱ ምንጭ ሊታወቅ ይገባል። የጆከር ሥዕል ሲነደፍ መነሻ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1928 ጀርመናዊው ተዋናይ ኮንራድ ፋይት የተጫወተበት፣ የፖል ሌኒ ድምፅ አልባ ፊልም ነው። ፊልሙ የተወሰደው ቪክቶር ሁጎ እ.ኤ.አ. በ1869 ካሳተመው «የሚስቀው ሰው» ከተሰኘ ልቦለድ ነው። ሁጎን የአማርኛ አንባቢ በሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ትርጉም፣ በ«መከረኞች» ያውቀዋል። በ«የሚስቀው ሰው» ውስጥ ያለው ግዊንፕሌን ገና ሕፃን ሳለ ልጅ በሚነግዱ ሰዎች እጅ ወድቆ፣ ፊቱ በስለት ተቀዶ፣ ዕድሜ ልኩን የሚስቅ እንዲመስል የተደረገ ምስኪን ነው። ባዝኖ፣ ተርቦ፣ ለገበያ ትርኢት ቀርቦ ያደገ ነው። በመጨረሻ የመኳንንት ልጅ መሆኑ ታውቆ በእንግሊዝ ጌቶች ሸንጎ ፊት ሲቆም፣ ስለ ድሆች መከራ ይናገራል። ጌቶቹም የፊቱን ሳቅ አይተው ይስቁበታል። የሚያስገርመው ግን ይህ ሁሉ ሥቃይ ግዊንፕሌንን ክፉ አላደረገውም። በረዶ ላይ ከሞተች እናቷ ጡት ሥር አንዲት ሕፃን አግኝቶ፣ እሱ ራሱ ገና ልጅ ሳለ፣ ተሸክሞ ያተረፈ ሰው ነው። ሥዕላዊው መጽሔት የወሰደው ፊቱን ብቻ ነው፤ የተበዳዩን ቁስል ለወንጀለኛው ጌጥ አደረገው። ከዚያ በኋላ የመጡት ተዋንያን ሁሉ፣ ያውቁት ይሆን አያውቁት፣ ከዚህ ዝርፊያ ጋር ሲታገሉ ኖረዋል።

የመጀመሪያዎቹን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። ሴዛር ሮሜሮ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1968 በቴሌቪዥን ሲጫወተው ጆከር ቀልደኛ ሌባ ነበር። ሮሜሮ ጢሙን ለመላጨት እምቢ በማለቱ ነጩ ቀለም ከነጢሙ ላይ ተለቀለቀበት፤ ልብ ብሎ የሚያይ ተመልካች ጢሙን ከቀለሙ ሥር ያያል። የሮሜሮ ክፋት ከዚህ ቀለም የጠለቀ አልነበረም፤ ልጆችን የሚያስቅ፣ ማንንም የማያስጨንቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 በቲም በርተን ፊልም ጃክ ኒኮልሰን ሲተካው ግን ነገሩ ተለወጠ። የእሱ ጆከር ቀድሞውንም ነፍሰ ገዳይ የነበረ የወሮበሎች አባል ሲሆን፣ የኬሚካል ገንዳ ውስጥ ወድቆ ፊቱ ይበላሻል። ገንዳው ያበላሸው መልኩን እንጂ ጠባዩን አይደለም። በሥዕል ቤተ መዘክር ውስጥ ሙዚቃ አስከፍቶ እየጨፈረ የታላላቅ ሠዓልያንን ሥራ ቀለም ሲረጭበት፣ የመዋቢያ ቅባት መርዞ ሰውን እያሳቀ ሲገድል፣ ኒኮልሰን የሚያሳየን በራሱ መልክ የተማረከ ሰው ነው። ክፋቱ ከንቱ ውዳሴ ነው። በዚህ ረገድ የኒኮልሰን መልስ ግልጽ ነው፤ ሰውየው ከመውደቁ በፊትም ያው ነበር።

ጃሬድ ሌቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ያቀረበውን ጆከር በተመለከተ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ጭምብሉን በንቅሳት ቆዳው ላይ ጻፈው፤ ከቆዳው ሥር ግን የሚፈለግ ነገር አልተገኘም።

ጥያቄው በእውነት የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2008 በክሪስቶፈር ኖላን «ዘ ዳርክ ናይት» ውስጥ ነው። ጆከርን የተጫወተው አውስትራሊያዊው ሂዝ ሌጀር ፊልሙ ለሕዝብ ከመቅረቡ ከጥቂት ወራት በፊት በ28 ዓመቱ አረፈ፤ የኦስካር ሽልማቱም እ.ኤ.አ. በ2009 ከሞቱ በኋላ ተሰጠው። ሌጀር ያደረገው ነገር ከእርሱ በፊት የነበሩት ያልደፈሩት ነው፤ መልስ ከለከለ። በአፉ ግራና ቀኝ የተጠረበውን ጠባሳ አንድ ጊዜ ሰካራም አባቱ በቢላዋ እንዳደረገው አድርጎ ይተርካል፤ በሌላ ጊዜ ለሚስቱ ሲል በገዛ እጁ እንዳደረገው አድርጎ ያወራል። ሁለቱም ታሪኮች ልብ ይነካሉ፤ ሁለቱም አንድ ላይ እውነት ሊሆኑ አይችሉም። ተመልካቹ ሊያዝን ሲል ይታለላል። ሌጀር በምላሱ ጠባሳውን እየላሰ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ እያደረገ ሲናገር፣ ሐዘናችንን እንደ ወጥመድ የሚጠቀምበት ሰው መሆኑን እንረዳለን።

ይህ ዘዴ ለተውኔት አዲስ አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶ ለመድረክ ያበቃውን «ኦቴሎ» ያየ ወይም ያነበበ ሰው ኢያጎን ያስታውሳል። ኢያጎ ኦቴሎን የሚጠላው ሹመቱ ለካሲዮ ስለተሰጠበት ነው ይላል፤ ወዲያው ደግሞ በሚስቱ ስለጠረጠረው ነው ይላል። የእንግሊዙ ባለቅኔ ኮልሪጅ እንዳስተዋለው ኢያጎ ለክፋቱ ምክንያት የሚያድን እንጂ ከምክንያት ተነሥቶ የሚከፋ ሰው አይደለም። በመጨረሻም ለምን እንዳደረገው ሲጠየቅ አፉን ይዘጋል። ኢያጎን የሚጫወት ተዋናይ ሁሉ የሚፈተነው በዚህች ዝምታ ነው፤ ሚስጥር እንዳለው አድርጎ ዝም ይበል ወይስ ባዶ እንደሆነ አድርጎ? ሌጀር የመረጠው ሁለተኛውን ነው።

ምክንያትን መከልከል አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ዓይናችንን ከሠሪው ታሪክ ወደ ሥራው ይመልሰዋል። የሞቱት ሰዎች ሞተዋል። ገዳያቸው ልጅ ሳለ ምን እንደደረሰበት ብናውቅም አይነሡም። ከዚህም በላይ በዚያ ፊልም ጆከር ሰው ሁሉ ሲጨንቀው እንደ እሱ ነው የሚል ሐሳብ ይዞ ይፈትነናል። ሁለት መርከቦች ላይ ፈንጂ ያጠምዳል፤ በአንዱ ተራ መንገደኞች፣ በሌላው እስረኞች አሉ። ሌላውን መርከብ ቀድሞ ያፈነዳ ይተርፋል ይላቸዋል። መንገደኞቹ ድምፅ ሰጥተው «እናፍንዳ» ይላሉ፤ ቁልፉን የሚጫን እጅ ግን ይጠፋል። በእስረኞቹ መርከብ ላይ አንድ ግዙፍ እስረኛ ቁልፉን ከጠባቂው ተቀብሎ ወደ ውኃው ይወረውረዋል። ያ እስረኛ ማን እንደበደለው፣ ለምን እንደታሰረ አልተነገረንም። ምርጫው ብቻ ታየን። የጆከርን ፍልስፍና ያፈረሰው የሕግ ጠባቂ ሳይሆን ወንጀለኛ የተባለ ሰው መሆኑን ብዙ ተመልካች ልብ ሳይለው ያልፋል።

ነገር ግን የዚህ አቀራረብ ጉድለትም መነገር አለበት። ምክንያት የሌለው ክፉ ከሰማይ እንደወረደ መቅሠፍት ይሆናል፤ መቅሠፍት ደግሞ ማንንም አያስጠይቅም። ከተማዋ፣ ሀብታሟ፣ ዳኛዋ፣ ጎረቤቱ ሁሉም ከደሙ ንጹሕ ሆነው ይወጣሉ። ሌላም ችግር አለ። የሌጀር ጆከር የገንዘብ ክምር በእሳት ሲያቃጥል፣ ሞትን ሳይፈራ ሲቆም፣ ከሁሉም ነገር ነጻ የወጣ ሰው ይመስላል። ወጣቱ የሚያስመስለው ይህን ነጻነት እንጂ ግድያውን አይደለም ይባል ይሆናል። ሁለቱን የሚለይለት ግን ማን ነው?

ሌላውን መንገድ ለማየት ወደ አገር ቤት መለስ ማለት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በካርቱን ፊልም ጆከርን የተጫወተው ማርክ ሃሚል ፊቱን ሳያሳይ በድምፁ ብቻ ነበር፤ ከተጫወቱት ሁሉ እሱን የሚያስበልጡ አድማጮች ብዙ ናቸው። ድምፅ ብቻውን እኩይ ሰው ሲፈጥር የሰማ ኢትዮጵያዊ ግን ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ፊታውራሪ መሸሻ በየቤቱ ገቡ። በዘር ኩራት ታውረው ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጥን ባል አጥተው የሚያቆዩአት፣ ባላገሩ ከልኩ በላይ አንገብርም ሲላቸው ሊወጉት ወጥተው የሚማረኩት እኚህ ባላባት በወጋየሁ ድምፅ ውስጥ ጨካኝ ናቸው፤ አስቂኝም ናቸው። አድማጩ እየጠላቸው ይስቅባቸዋል፣ እየሳቀም ያዝንላቸዋል። ከነጭ ቀለምና ከአረንጓዴ ፀጉር ይልቅ ይህ ይከብዳል።

ሐዲስ የፊታውራሪን ክፋት ከምንም አላመጡትም። ከሥርዓቱ፣ ከልማዱ፣ ከአስተዳደጉ የመጣ መሆኑን ያስረዳሉ። ይሁንና ማብራሪያው የሚወጣው ከማን አፍ ነው? ከፊታውራሪ አፍ አይደለም፤ ከጉዱ ካሣ ነው። ጉዱ ካሣ የዘመኑን ሥርዓት ከሥሩ የሚነቅፍ፣ በዚህም ምክንያት እብድ የተባለ ሰው ነው። ራሱ የተጎዳ፣ ራሱ ግን ያልበደለ። የክፋትን ምክንያት የሚናገረው በዳዩ ሲሆን ንግግሩ የይግባኝ አቤቱታ ይሆናል። የሚናገረው ሌላ ሰው ሲሆን ግን ዕውቀት ይሆናል። ሐዲስ ይህን ልዩነት ጠብቀዋል፤ ወጋየሁም በድምፁ ሁለቱን አልቀላቀላቸውም። ፊታውራሪ ራሳቸውን ሲያጸድቁ ድምፁ ያሾፍባቸዋል፤ ጉዱ ካሣ ሲናገር ድምፁ ያዳምጠዋል።

ዋኪን ፊኒክስ እ.ኤ.አ. በ2019 በቶድ ፊሊፕስ ፊልም ይዞት የመጣው ጆከር ይህን ጥንቃቄ በእሳት የሚፈትን ነው። ፊኒክስ ከ20 ኪሎ በላይ ቀንሶ፣ አጥንቱ ከጀርባው ወጥቶ፣ አርተር ፍሌክ የሚባል የታመመ ሰው ሆነ። አርተር ለሠርግና ለሱቅ ማስታወቂያ ቀልደኛ መስሎ የሚቀጠር ድሃ ነው። አእምሮው በደረሰበት ጉዳት ምክንያት ሳያስበው፣ ሳይፈልገው ይስቃል፤ ሲያዝንም ይስቃል። ሌሎቹ ተዋንያን ሳቁን መሣሪያ አድርገውት ነበር፤ ፊኒክስ በሽታ አደረገው። እያነቀው፣ እያሳለው፣ እያሳፈረው የሚወጣ ሳቅ ነው። በዚህች አንዲት ውሳኔ ፊኒክስ ጭምብሉን ለባለቤቱ ለግዊንፕሌን መለሰለት ማለት ይቻላል። ከተማው በቆሻሻ ተሞልቷል፣ የሚታከምበት ማዕከል በጀቱ ተቆርጦ ይዘጋል፣ ለከንቲባነት የሚወዳደረው ባለጸጋ ድሆችን ቀልደኞች ብሎ ይሰድባል። በባቡር ውስጥ ሦስት የደላቸው ወጣቶች ሲደበድቡት ይተኩሳል።

ይህን ፊልም አያት ላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ከኒው ዮርክ ተመልካች በተለየ መንገድ ቢያየው አይደንቅም። አያት የቪላ አጥርና የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ጎን ለጎን የሚተያዩበት ሰፈር ነው፤ ከዚያ እስከ ጦር ኃይሎች የሚሄደው በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ባቡር ደግሞ ሕዝብ ታጭቆ የሚሄድበት ነው። በዚያ ባቡር ተጨናንቆ ወደ ሥራ የሚሄድ ሰው የአርተርን ድካም ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። በዚያው በ2019 በቤይሩትና በሳንቲያጎ ጎዳናዎች ፊታቸውን እንደ ጆከር የተቀቡ ሰልፈኞች ታይተዋል። ይህ ሁሉ የፊኒክስ ጆከር ኃይል ምስክር ነው። ፊልሙን «ዓመፅን ይሰብካል» ብሎ ማውገዝም ቀላል ነው፤ የድሃ ብሶት በመድረክ ላይ እንዳይታይ የሚፈልግ ሰው ሁልጊዜ የሚለው ይህንኑ ነው።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ወደ ፊልሙ መጨረሻ አርተር በቴሌቪዥን ቀርቦ የበደሉትን ሁሉ ይከሳል፤ ኅብረተሰቡ የታመመውን ሰው ጥሎ እንደ ቆሻሻ እንደቆጠረው ይናገራል። የሚናገረው እውነት ነው። ተናግሮ ሲያበቃ የጋበዘውን ሰው ግንባሩን በጥይት ይመታል። እዚህ ላይ ጉዱ ካሣና ፊታውራሪ መሸሻ በአንድ አፍ ይናገራሉ። እውነተኛው ክስ የግድያው ፈቃድ ወረቀት ሆኖ ያርፋል፤ ተመልካቹም አዳራሹን ለቅቆ ሲወጣ «ምን ያድርግ!» ይላል። «ምን ያድርግ!» የምትለው ቃል በአማርኛ ሐዘኔታ ነች፣ ፍርድም ነች፤ አንድን ሰው ምርጫ አልነበረውም ብላ ታሰናብተዋለች። ሰውን ምርጫ አልነበረውም ማለት ደግሞ ምሕረት ይመስላል እንጂ ሰውነቱን መቀነስ ነው። የመከረኛውን አቅም ከሚንቁት ሰዎች መካከል ለካ የሚያዝንለትም አለበት።

የፊልሙ ትዕይንት ራሱ ግን «ምን ያድርግ!» የሚለውን ይሽረዋል። አርተር በቤቱ ውስጥ ሊጠይቁት ከመጡት ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ አንዱን በአሰቃቂ ሁኔታ ይገድላል። ሌላው ጋሪ ይባላል፤ ቁመቱ እጅግ አጭር የሆነ፣ ሁሉም የሚያላግጥበት ሰው ነው። ጋሪ በፍርሃት ተኮራምቶ ሲቀር አርተር እንዲሄድ ይፈቅድለታል። ጋሪ በሩ ጋ ይደርሳል፤ የበሩ ሰንሰለት ግን ከላይ ነው፣ አይደርስበትም። ተመልሶ ገዳዩን «ክፈትልኝ» ብሎ መለመን አለበት። አርተር ይከፍትለታል፣ ራሱን ይስመዋል፣ ከሰው ሁሉ ደግ የሆነልኝ አንተ ብቻ ነህ ይለዋል። ተመልካች በዚህች ቅጽበት ይስቃል፣ በመሳቁም ያፍራል። ፊኒክስ ግን በዚያ ደም በተረጨ ፊት ላይ ያሳየው ነገር ከቴሌቪዥኑ ንግግር ይበልጣል፤ ይህ ሰው አንዱን መግደል፣ አንዱን መተው ይችላል። ሕመሙም፣ ድህነቱም፣ መገፋቱም ያው ሆኖ ሳለ እጁን ይሰበስባል። እንግዲያውስ በሌሎቹም ላይ መሰብሰብ ይችል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ሁለተኛው ክፍል እንደ መጀመሪያው አልተወደደም። የመጀመሪያው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ሲያስገባ ሁለተኛው የዚያን ሩብ እንኳ አላገኘም። ዘፈኑ በዝቷል፣ አካሄዱ ተንቀራፏል ያሉት አልተሳሳቱም። ተመልካቹን ይበልጥ ያስቆጣው ግን አርተር በችሎት ፊት ጆከር የሚባል የለም፣ ያደረግሁት እኔ ነኝ ማለቱ ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ በፊት ጋሪ ለምስክርነት ይቀርባል። ተዋናዩ ሊ ጊል ነው፤ የሚናገረው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። አርተር ራሱ ጠበቃ ሆኖ፣ ፊቱን ተቀብቶ፣ የሰው ዘዬ እየኮረጀ መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቀዋል፤ ችሎቱን ሊያስቅ ይሞክራል። ጋሪ አይስቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ እንዳጣ፣ ሥራ መሥራት እንዳቃተው፣ እንደሚፈራ ይናገራል። ከሚሠሩበት ሰዎች መካከል ያላላገጠብኝ አንተ ብቻ ነበርክ ይለዋል። አርተር የሚመልሰው ቃል ያጣል፤ ከቀለሙ ሥር ያለው ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ይታያል።